የአልጋ ዘጠኝ አረንጓዴ ጨርቅ

በአንድ ትልቅ ሆስፒታል ምድር ቤት ውስጥ ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ ልብስ ስታጥብ የኖረች ሴት ነበረች። ሰው ሁሉ «መርማሪዋ» ይላታል። ይህ ስም የወጣላት ፖሊስ ጣቢያ ሠርታ አይደለም፤ አንድም ጨርቅ ሳትመረምር ማሽን ውስጥ ስለማትከት ነው። ሌሎቹ አጣቢዎች ከረጢቱን ገልብጠው፣ የሳሙናውን ዱቄት በትነው፣ ቁልፉን ተጭነው ወሬያቸውን ይቀጥላሉ። እሷ ግን ረጅሙ ጠረጴዛ ላይ እያንዳንዱን ጨርቅ ትዘረጋና በመስኮቱ ብርሃን ታየዋለች። ደም ከሆነ ወደ ቀዝቃዛ ውሃ፣ አዮዲን ከሆነ ለብቻው፣ ወተት ከሆነ ለብ ወዳለው። አዲስ ለሚቀጠሩት ሁሉ የምትሰጠው የመጀመሪያ ትምህርት «ደምን በሙቅ ውሃ ከነካሽው እድፉን ከጨርቁ ጋር ለዘላለም ዳርሽው ማለት ነው» የሚል ነው። አብሯት የሚሠራው ባለካውያ፣ ጡረታ ሊወጣ ሁለት ዓመት የቀረው ቀልደኛ ሰው፣ «አንቺ እድፍን እንደ ጋዜጣ ነው የምታነቢው» ይላታል። እውነቱን ነው፤ ከረጢቱን አይታ የትኛው ክፍል ውስጥ ማን እንደተኛ፣ ማን እንደተሻለው፣ ማን ምግብ እንደጀመረ ትነግረዋለች።

ከእድፍ ሁሉ አምርራ የምትጠላው ግን አንድ ነበር፤ ሕፃን ተወልዶ መጀመሪያ የሚለው ካካ። ያየ ያውቀዋል፤ እንደ ሬንጅ የጠቆረ፣ እንደ ሙጫ የሚያጣብቅ። በረኪና አያስለቅቀው፣ ሙቅ ውሃ አያስለቅቀው። «ገና ወተት እንኳ ሳይቀምስ ይሄን ከየት አመጣው፣ በሞቴ!» እያለች ትፈትገዋለች። ሦስት ልጆቿን በዚህ በተላላጠ እጅ አሳድጋ ለወግ ለማዕረግ አብቅታለች። ልጆቿ «እማዬ፣ አሁንስ ይብቃሽ፣ ቤት ተቀመጪ» ሲሏት «ቤት ተቀምጬ ማንን ልመርምር?» ብላ ታስቃቸዋለች።

ምርመራዋ ግን አንድ ጊዜ ጉድ ሠርቷታል። ባለፈው ዓመት ከወንዶች ክፍል የመጣ የትራስ ልብስ ላይ የእጅ መዳፍ የሚያክል ቀይ አየችና «ሰውየው ደም እየተፋ ነው!» ብላ ደረጃውን ሁለት ሁለት እየዘለለች ወጣች። ዶክተር ተጠራ፣ ኦክስጅን ተጎተተ፣ ሰውየው ከእንቅልፉ ተቀሰቀሰ። ለካ ሚስቱ ያመጣችለትን የቀይ ሥር ጭማቂ ተጋድሞ ሲጠጣ ደፍቶት ኖሯል። በሽተኛው ሳይቀር ሳቀባት። የነርሶቹ አለቃ በዚያ ሁሉ ሰው ፊት «እትዬ፣ የርስዎ ሥራ ማጠብ ነው፤ ሕክምናውን ለኛ ይተዉልን» አለቻት። ኩም አለች። ከዚያ ቀን ወዲህ ያን ደረጃ ረግጣው አታውቅም፤ ላይኛው ፎቅ የሚሄድ ንጹሕ ልብስ እንኳ ሲኖር በባለካውያው ነው የምትልከው።

እንግዲህ አንድ ማክሰኞ ጠዋት ከወላዶች ክፍል የመጣውን የአልጋ ዘጠኝ ከረጢት ፈታችው። ሰባት የሕፃን ጨርቆች ነበሩበት። ሁለቱ ላይ የተለመደው የወተት እድፍ አለ። ሦስተኛውና አራተኛው ቢጫ አላቸው። ቀሪዎቹ ሦስቱ ግን አረንጓዴ ነበሩ፤ ዳር ዳሩ ደርቆ መሃሉ ገና እርጥብ የሆነ፣ የጎመን ቅጠል የመሰለ አረንጓዴ። አሸተተችው። የመድኃኒት ሽታ የለውም፤ መራራ መራራ ይላል። ሐሞት ነው። የሆድ ቀዶ ሕክምና ካደረጉ አዋቂዎች ጨርቅ ላይ ስንት ጊዜ አይታዋለች። ሁለት ቀን የሆነው ሕፃን ከምኑ አምጥቶ ነው ሐሞት የሚያስታውከው?

ከረጢቱን እንደገና ገለበጠችው። የፈለገችው ሌላ ነገር ነበር፤ ያን የምትጠላውን ጥቁር። የለም። የትናንቱንም ከረጢት አስታወሰች፤ በትናንቱም አልነበረም። ትናንትማ «ተመስገን፣ አንድ ንጹሕ ልጅ ተወለደ» ብላ ተደስታ ነበር። አሁን ያ ደስታዋ እንደ ድንጋይ ደረቷ ላይ ተቀመጠ።

«ና እስቲ ይሄን እይ» አለችው ባለካውያውን።

አየና ትከሻውን ሰበቀ። «የቀይ ሥሩን ረሳሽው እንዴ? ምናልባት ይሄ ደግሞ የሰላጣ ጭማቂ ይሆናል።»

«ሕፃን ሰላጣ ይበላል? አንተ ሰውዬ፣ ቁም ነገር ነው የማወራህ!»

«ቁም ነገር ከሆነማ እዚያው ላይ ዶክተር ሞልቶ የለም? ደግሞ ሊስቁብሽ ነው፤ እኔ ላንቺው አስቤ ነው።»

እውነቱን ነበር፤ ሊስቁባት ይችላሉ። ጠረጴዛው አጠገብ ትንሽ ቆመች፤ ልቧ አንዴ «ተይው» አንዴ «ሂጂ» እያላት። ከዚያ «ይሳቁ! ስቀው ይሙቱ!» አለችና ሰባቱን ጨርቅ በጉያዋ አድርጋ ደረጃውን ጀመረችው።

አሁን ላይ ፎቅ የሆነውን ልንገራችሁ፤ መርማሪዋ ራሷ በኋላ ነው የሰማችው። የአልጋ ዘጠኟ አራስ የመጀመሪያ ልጇን የወለደች፣ ገና ሃያ ሁለት ዓመት የሞላት ልጅ ናት። የምታስታምማት ታላቅ እህቷ ናት። ይህች እህት የአንደኛ ክፍል አስተማሪ ስትሆን የሥራ ዘመኗን ሙሉ የልጆች ጥፍርና ጆሮ ስትፈትሽ የኖረች፣ ጽዳት ሃይማኖቷ የሆነ ሴት ናት። ሕፃኑ ባስታወከ ቁጥር ጨርቁን መንጭቃ ከረጢት ውስጥ ትከታለች፤ አፉን ትጠርጋለች፤ ነጭ ልብስ ትለውጥለታለች። ሐኪም ሲዞር ሕፃኑ እንደ ሙሽራ ተሽሞንሙኖ ይጠብቀዋል። ነርሷ መዝገቧን ይዛ መጥታ «ካካ ብሏል?» ስትላት፣ አስተማሪዋ ስለ ካካ በሰው ፊት ማውራት ነውር ይመስላትና «ተመስገን፣ ደህና ነው» ትላለች። ነርሷም «ተመስገን» ካለችማ ልጁ ካካ ብሏል ማለት ነው ብላ «አዎ» የሚለው ላይ ምልክት ታደርጋለች። «አስታውኳል?» «ኧረ ደህና ነው፣ ትንሽ ወተት ነው።» ያም ተጻፈ። እንዲህ እንዲህ እያለ የተመሰገነው ልጅ ማክሰኞ ጠዋት ወደ ቤቱ እንዲሄድ ተፈቀደለት።

መርማሪዋ እያለከለከች ክፍሉ በር ላይ ስትደርስ ቦርሳው ታስሯል፤ አስተማሪዋ ሕፃኑን ታቅፋ ቆማለች፤ እናቲቱ ጫማዋን እያደረገች ነው። ነርሷ ያቺው ያምናዋ የነርሶች አለቃ ነበረች።

«እንዴ እትዬ!» አለች ፈገግ ብላ። «ዛሬ ደግሞ ምን አገኙ? ካሮት?»

አንዲት አስታማሚ ሳቀች። የመርማሪዋ ጆሮ ጋለ። እሷ ግን ባዶው አልጋ ላይ ጨርቆቹን አንድ በአንድ ዘረጋቻቸው፤ መጀመሪያ የወተቶቹን፣ ከዚያ ቢጫዎቹን፣ ከዚያ ሦስቱን አረንጓዴዎች።

አስተማሪዋ ደሟ ፈላ። «አንቺ ሴትዮ፣ ጤና የለሽም? የሰው ቆሻሻ አደባባይ ታወጪያለሽ? አንሺው! አሁኑኑ አንሺልኝ!»

«አላነሳም» አለች መርማሪዋ። «መጀመሪያ አንድ ነገር ንገሪኝና ከፈለግሽ በጥፊ አጩይኝ። ይሄ ልጅ ከተወለደ ጥቁር ካካ ብሎ ያውቃል? ይሉኝታውን ተይና በልጁ አምላክ እውነቱን ንገሪኝ።»

አስተማሪዋ አፏን ከፈተች፤ «ተመስገን» ልትል ነበር። ቃሉ አልወጣ አላት። እህቷን አየች። እናቲቱም በቀስታ «እኔ አላየሁም» አለች። «አንቺ አይተሽ ነበር አይደል?»

«እኔ... አንቺ ያየሽ መስሎኝ» አለች አስተማሪዋ።

የነርሷ ፈገግታ ከፊቷ ላይ ድርግም አለ። ጎንበስ ብላ አረንጓዴውን ጨርቅ አየች፤ ሕፃኑን ከአስተማሪዋ እቅፍ ወስዳ ልብሱን ገለጠች። ሆዱ ተነፍቶ ቆዳው አብረቅርቋል። ሐኪም ልትጠራ ሮጠች።

የመጣችው የሕፃናት ቀዶ ሐኪም ነበረች፤ አጭር፣ ፈጣን፣ ወሬ የማትወድ ሴት። ጨርቆቹን እንዳየች «ማንም እንዳያነሳቸው» አለች። ወዲያው ሕፃኑ ከወተት ተከለከለ፤ በአፍንጫው ቀጭን ቱቦ ገባለት፤ ቱቦው ሆዱ ሲደርስ ያ አረንጓዴ እየተንዠቀዠቀ ወጣ። ራጅ ተነሣ። ሐኪሟ ፊልሙን መስኮቱ ላይ አድርጋ ለእናቲቱ አሳየቻት።

«ይሄ ጥቁር ጥቁሩ አየር ነው። ላይ ላይ ሦስት ቦታ ተነፍቷል፤ ከዚያ በታች ምንም የለም። የልጅሽ አንጀት መሃል ላይ ተቋርጧል። የላዩም ጫፍ ተደፍኗል፣ የታቹም። ስለዚህ ወተቱ መሄጃ አጥቶ ይመለሳል።»

«ምን አድርጌ ነው?» አለች እናቲቱ እንባዋ ዱብ ዱብ እያለ። «ከባድ ነገር ስላነሳሁ ነው? ደንግጬ ስለነበር ነው?»

«ምንም አላደረግሽም። ሆድሽ ውስጥ እያለ ለዚያች ቁራጭ የሚሄደው ደም ተቋረጠና ቁራጯ ጠፋች። ከብዙ ሺህ ሕፃን አንዱ ላይ የሚደርስ ነው፤ የማንም ጥፋት አይደለም። ግን ዛሬውኑ መሰፋት አለበት። ቤት ሄዳችሁ ቢሆን...» አለችና ተወችው። ወደ ነርሷ ዞረች። «ጨርቆቹን ማን ነው ያመጣው?»

ነርሷ አንገቷን ደፍታ «የልብስ ማጠቢያዋ እትዬ ናቸው» አለች።

መርማሪዋ ግን በዚያ ሰዓት ምድር ቤት ወርዳ ነበር። አንድ አንሶላ ሦስት ጊዜ አጠበች።

ቀዶው ሦስት ሰዓት ተኩል ወሰደ። ሐኪሟ የሞተውን ጫፍ ቆርጣ አወጣች፤ ከላይ እንደ አውራ ጣት ያበጠውን፣ ከታች እንደ ክር የቀጠነውን አንጀት አገናኝታ ከፀጉር በቀጠነ ክር ሰፋችው። ልጁ በሕይወት ወጣ። ይሁን እንጂ ሐኪሟ ለቤተሰቡ ቁርጡን ነገረቻቸው፤ መሰፋቱ ብቻውን ምንም አይደለም፤ አንጀቱ መሥራቱ የሚታወቀው ልጁ ካካ ሲል ነው። እስከዚያ ድረስ አንድ ጠብታ ወተት አይቀምስም፤ በደም ሥሩ በሚገባው ፈሳሽ ብቻ ይኖራል።

ከዚያ ያልታሰበ ነገር አደረገች። ለሕፃናቱ ክፍል ነርሶች «የዚህ ልጅ ጨርቅ ለብቻው ከረጢት ይሁንና መጀመሪያ ለማጠቢያ ቤቷ እትዬ ይታይ» አለቻቸው። ነርሶቹ ቀልድ መስሏቸው ሳቁ፤ ሐኪሟ ግን አልሳቀችም። ምድር ቤት ወሬው ሲደርስ ባለካውያው ካውያውን አስቀምጦ ተነሣና እጅ ነሣ፤ «ዶክተር መርማሪ፣ እንኳን ደስ ያለዎት!»

«ዝም በል፣ ሥራህን ሥራ» አለችው፤ ደስታዋን ግን መደበቅ አቅቷት ፊቷን ወደ ማሽኑ አዞረች።

ከዚያ በኋላ ቀኗ የሚጀምረው በዚያች ትንሽ ከረጢት ሆነ። በሁለተኛው ቀን ከሕፃኑ ቱቦ ዳር የፈሰሰው አረንጓዴ። በሦስተኛው ቀን አረንጓዴ፣ ግን ሳሳ ያለ። በአምስተኛው ቢጫ። በስድስተኛው ከቱቦው ዳር የፈሰሰው ውሃ የመሰለ ነጭ ብቻ ነበር፤ መርማሪዋ «ሐሞቱ ወደ ታች መንገድ አገኘ» ብላ ጨርቁን ግንባሯ ላይ አድርጋ ሳመችው። ከሰዓት በኋላ አስተማሪዋ ወደ ምድር ቤት ወርዳ በር ላይ ቆመች። ለመጀመሪያ ጊዜ ነው የመጣችው። ነጭ ሸሚዟ ተጨማድዷል፣ አይኗ በእንቅልፍ ማጣት አብጧል።

«እርስዎን ሰድቤዎታለሁ» አለች።

«ሰድበሻል። ደግሞም ጥሩ አድርገሽ ነው የሰደብሽኝ» አለች መርማሪዋ። «ነይ ተቀመጪ። እጅሽን ስጪኝና እነዚህን እጠፊልኝ፤ ሥራ ሲይዙ ሐሳብ ይቀላል።»

አብረው አጠፉ። ትንሽ ቆይቶ አስተማሪዋ «እኔ ነኝ ልገድለው የነበርኩት» አለችና ለቅሶዋ መጣ። «ንጹሕ ሆኖ እንዲታይ ብዬ! ዶክተሩ ምን ይለናል ብዬ!»

«አንቺ ጠርገሻል፤ እኔ ደግሞ ከማጠቤ በፊት አይቻለሁ። በቃ። ያንቺ ጨርቅ ቶሎ ቶሎ ባይደርሰኝ ምን አይ ነበር?» አለቻት። ይህን ያለችው ለማጽናናት ይሁን አምናበት እንጃ፤ አስተማሪዋ ግን እንባዋን ጠረገችና ማጠፏን ቀጠለች።

በሰባተኛው ቀን ከረጢቱ ሲፈታ አረንጓዴው ተመልሶ መጥቷል። መርማሪዋ ጨርቁን እንደያዘች ወንበር ላይ ዘጭ አለች። ባለካውያው እንኳ መቀለድ አልቻለም። ላይ ፎቅ ሐኪሟ የሕፃኑን ሆድ ስትነካና ስታዳምጥ ቆየችና ለእህትማማቾቹ እንዲህ አለቻቸው፤ «የሰፋሁት ቦታ አብጦ ይሆናል፤ ተዘግቶም ይሆናል። እስከ ነገ እኩለ ቀን እጠብቃለሁ። ካልሆነ እንደገና እከፍተዋለሁ። ሁለተኛውን ቀዶ ይችለው እንደሆነ ግን ልዋሻችሁ አልችልም።»

በማግስቱ ጠዋት መርማሪዋ ከሁሉ ሰው ቀድማ ገባች። ከረጢቱ መጣ። አረንጓዴ ነበረ፤ ግን ትንሽ፣ የጣት ጫፍ የሚያክል። ሌላ ምንም የለም። «ና» አለችው ልጁን፣ እንደሚሰማት ሁሉ። «ና አንተ የኔ አንበሳ። ሃያ ስድስት ዓመት የሰው ልጅ ሁሉ ሲያስቸግረኝ ኖሯል፤ አንተ ብቻ ነህ የጨከንክብኝ። አስቸግረኝ እንጂ!» ማሽኖቹ ይጮኻሉ፣ እንፋሎቱ ይተናል፤ የግድግዳው ሰዓት ግን የተገተረ መሰላት። አራት ሰዓት ሆነ። አራት ተኩል። የቀዶ ክፍሉ ልብስ ታጥቦ፣ ተተኩሶ፣ ለእኩለ ቀን እንዲደርስ በጋሪ ላይ ተደርድሯል። ጋሪውን ባለካውያው እየገፋ ሊወጣ ሲል ደረጃው ላይ የሩጫ ድምፅ ተሰማ።

አስተማሪዋ ነበረች። ጫማዋ አንዱ እግሯ ላይ የለም። በሁለት እጇ አንድ የሕፃን ጨርቅ ከፍ አድርጋ ይዛለች፤ አልተጠቀለለም፣ አልተሸፈነም፣ ሦስት ፎቅና አንድ ረጅም ኮሪደር ሙሉ ለታማሚው፣ ለጠያቂው፣ ለዘበኛው እያሳየች ነው የወረደችው። ነጭ ሸሚዟ እጅጌው ላይ ሳይቀር ተነክቷል።

«አለ!» ብላ ጮኸች። «ካካ አለ! እትዬ፣ ካካ አለ! እዩት!»

መርማሪዋ ጨርቁን ተቀብላ ጠረጴዛው ላይ ዘረጋችው። ጎንበስ ብላ አየች፤ አሸተተች፤ በጣቷ ነካ አደረገችው። ጠቆር ያለ፣ ወፍራም፣ ያን የተረገመ ሙጫ የመሰለ።

«ነው!» አለች። «ራሱ ነው! እልልልል!»

አጣቢዎቹ ከየማሽናቸው ሮጠው መጡ። ባለካውያው ጋሪውን ለቆ መጨፈር ጀመረ፤ ወገቡን እንደሚያመው ረስቶት። አስተማሪዋና መርማሪዋ ተቃቅፈው፣ ጨርቁ መሃላቸው ሆኖ፣ አንዷ ስታለቅስ ሌላዋ ስትስቅ፣ ቆይተውም ሲለዋወጡ ያየ ሰው አብደዋል ይል ነበር። የቀዶው ጋሪ ተመለሰ። ሐኪሟ የሕፃኑን ሆድ አዳምጣ «የዛሬውን ቀጠሮ ሰርዙት» አለች፤ ነርሶቹ እንዳወሩት ከሆነ ዘወር ብላ አይኗን በእጅጌዋ ጠረገች።

ወተቱ በጠብታ ተጀመረ፤ ከዚያ በማንኪያ፤ ከዚያ ልጁ ጡት ይዞ ሳይለቅ አሥራ አምስት ደቂቃ ጠባ፤ እናቲቱ በዚያን ቀን ነው ለመጀመሪያ ጊዜ ጥርሷ የታየው። በሃያ ሁለተኛው ቀን የሚሄዱ ሲሆን ያቺው ነርስ ምድር ቤት ድረስ ራሷ ወረደች። «እትዬ፣ ይምጡ፣ ይፈለጋሉ» አለች። ከዚያ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ «ስላሳቅኩብዎት ይቅር ይበሉኝ» አለች።

«ካሮቷስ?» አለቻት መርማሪዋ።

«ካሮቷንም።»

መርማሪዋ እጇን ታጥባ፣ የዚያን ዕለት የተተኮሰ ነጭ ሽርጥ አድርጋ ደረጃውን ቀስ ብላ፣ ደረቷን ነፍታ ወጣች። ክፍሉ ውስጥ ሐኪሟ፣ ነርሶቹ፣ ሁለቱ እህትማማቾች ቆመው ጠበቋት። እናቲቱ ልጁን አንስታ አስታቀፈቻት። ከብዷል፤ ጉንጩ ሞልቷል፤ ሆዱ ላይ ያለችው ጠባሳ ከጣት አታልፍም። አይኑን ከፍቶ አያት፤ ፊቱን አኮማተረ፤ አንዴ አማጠ። ሙቀቱ በጨርቁ አልፎ ነጩ ሽርጧ ላይ ሲሰፋ ተሰማት።

አስተማሪዋ «ውይ! ልብስዎን!» ብላ ልትቀበላት እጇን ዘረጋች።

«ተይው፣ አትንኪው» አለች መርማሪዋ ልጁን ጠበቅ አድርጋ፤ እንባዋ ጉንጯ ላይ እየወረደ። «አድርግ የኔ ጌታ፤ እንደ ልብህ አድርግ። አጣቢዋ እኔ ነኝ።»